ስልኬ ተዘግቶ እኔ የበራሁበት ቀን

ስሜ ትብለጥ ይባላል። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባ፣ ስሜን ሲጠሩኝ «አቤት» ለማለት እንኳ የምቸገር ሴት ነኝ። ከወረቀት ጋር ግን እንግባባለን። ወረቀት አያቋርጠኝም፤ «ኧረ ጮክ በይ» አይለኝም። ስለዚህ የኅዳር ሚካኤል ዕለት አውድማችን ላይ የሆነውን ጽፌ ልንገራችሁ። በእስቴ ገበያ የሚያወሩት ሁሉ እኔን ሳይጠይቁ ነው የሚያወሩት። አንዷ «ሁለት ስልክ ነበራት» ትላለች። ሌላዋ «መተት ነው» ትላለች። ሰልችቶኛል።

ያኔ ማን እንደነበርሁ ላስቀድም። ቤታችን ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ገብስና ባቄላ እናርሳለን። ሙሉጌታ የሚባል ሰው አጭቶኝ ነበር። ወገኖቹ ስማዳ ናቸው፤ እሱ ግን ተምሮ ንፋስ መውጫ ቢሮ ተቀጥሮ ይሠራል። ሽማግሌ ላከ፣ አባቴ ሰጠ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። መጠየቅ እንዳለብኝም አላውቅም ነበር።

ከታጨሁ በኋላ ሙሉጌታ አንድ ጊዜ ቤታችን መጣ፤ ስልክ ይዞልኝ። የሚነካ ስልክ ነው። የመልእክት መላላኪያውን አካውንት ቢሮው ሆኖ ራሱ ከፍቶልኝ፣ ስሜንና ፎቶዬን አስገብቶ፣ የይለፍ ቃሉን በቃሌ አስጠንቶ ሰጠኝ። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ ተቀበልሁ። የተነጋገርነው ይኸው ነው።

እውነቱን ለመናገር በስልኩ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስ ያለኝ ግን ለሙሉጌታ ብዬ አይደለም። ታላቅ እህቴ አዛለች አረብ አገር ናት። መንደራችን ውስጥ ኔትወርክ የሚገኘው ከቤታችን ጀርባ ከፍ ብሎ ካለው አውድማ ላይ ብቻ ነው። ማታ ማታ ከብቱ ከገባ በኋላ እዚያ እወጣና ለአዛለች እጽፍላታለሁ። ለእሷ ስጽፍ አላፍርም። ያየሁትንም፣ የፈራሁትንም፣ የሳቅሁበትንም ሁሉ እጽፍላት ነበር።

በዚያ መላላኪያ አንድ ሰው ሲገባ ከፎቶው ጎን አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች፤ «እዚህ አለ» ማለቷ ነው። እኔ ነገሬም አላልኋት። ሙሉጌታ ግን ሌላ ሥራ ያለው አይመስልም፤ እሷን ይጠብቅ ነበር።

«ኦንላይን ነሽ። ለምን አትመልሺም?»

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከማን ጋር ነው?»

ጠዋት ሦስት ሰዓት እኔ ባቄላ እያጨድሁ ነኝ! ስልኩ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ማታ አውድማ ላይ ወጥቼ መልእክቱን ሳይ ግራ ይገባኛል። «ስልኩ ራሱ ይሆናል» ብዬ ጻፍሁለት። «ስልክ ራሱን አያስገባም፤ ሰው ነው የሚያስገባው» አለኝ። የተማረ ሰው ነው፤ አመንሁት። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ስልኩን በነጠላ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥሁት። በማግስቱ «ዛሬም ሙሉ ቀን በርተሽ ዋልሽ» የሚል መጣ።

ማታ ስመልስለት ደግሞ ሌላ ክስ። «'እየጻፈች ነው' የሚለው ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል። ከዚያ 'እሺ' ብቻ። መሃል ላይ የምትሰርዥው ምንድን ነው?»

ፊደል እየፈለግሁ ነበር። «ጨ» የት እንዳለች አላውቃትም ነበር። ይህንን እንዳልጽፍለት ደግሞ አፈርሁ። ዝም ስል ዝምታዬም ይታየዋል። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? ብትናገሩ ይጣመማል፣ ዝም ብትሉ ይቆጠርባችኋል።

የሚካኤል ዋዜማ ከብት ሲገባ የሙሉጌታ አጎት አያ ፈንታ ከሌላ ሽማግሌ ጋር ቤታችን መጡ። ለደስታ የመጣ ሰው ገና ከበሩ ያስታውቃል፤ እነሱ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ከአባቴ ጋር ውጭ ተነጋገሩ። እኔ ጓዳ ሆኜ «ሌላ ሰው» እና «ቅዳሴ ሰዓት» የሚሉ ቃላት ሰማሁ። አባቴ ገባ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ስልኩን አምጪ።»

ሰጠሁት። ማጥፊያውን አሳየሁት፤ ዘግቶ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ከማን ጋር ነው?» አለኝ።

ከእህቴ ጋር ብቻ ነው ልል አፌን ከፈትሁ። ድምፅ አልወጣም። አባቴ አየኝ፣ ጠበቀኝ፣ ከዚያ ራሱን ነቅንቆ ወጣ። እንቢ የሚል አንደበት ማጣት እንደ ማመን እንደሚቆጠር ያን ማታ ገባኝ።

በእኛ አገር እጮኛዋ የተዋት ልጅ ሌላ ሰው ይጠይቃታል። ከመጥፎ ስም ጋር የተመለሰች ልጅ ግን የማንም አይደለችም። አባቷም ማኅበር ላይ ሲናገር ቃሉ አይሰማለትም። በማግስቱ የሚፈረደው በዚህ ነበር።

ሽማግሌ በወጉ ዛፍ ጥላ ሥር ነው የሚቀመጥ። ያን ቀን ግን ምስክሩ ኔትወርክ ይፈልግ ነበርና ሁሉም አውድማ ላይ ወጡ። በዓል ስለሆነ በሬም አልተጠመደም፣ እህልም አልተወቃም። የአባቴ ነፍስ አባት መሪጌታ ጥበቡ ከቅዳሴ በቀጥታ መጡ። ጋይንት ቤተ ልሔም ዜማ የተማሩ፣ ቅስናም ያላቸው፣ ቀልድ የማያጡ ሰው ናቸው። ጭዱ ላይ በርኖሳቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። እኔን ከእናቴ ጋር ዳር ላይ አስቆሙን።

አያ ፈንታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነገሩ አጭር ነው። ልጃችን ሥራ ላይ ነው፤ ፈቃድ አልሰጡትም። የራሱን ስልክ ግን ልኮልናል። ስልኩ ያየውን ይናገራል።»

«ምስክር ከሆነ ይማላ» አሉ መሪጌታ። «መስቀሉን ላውጣ?»

«አይቀልዱ መሪጌታ። ባለፈው ማርያም፣ ሕዝቡ ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ ይህች ልጅ በርታ ነበር።»

«በርታ?»

«አረንጓዴ ሆና።»

መሪጌታ ስልኩን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ መልሰው አስጠጉት። «ይህች ናት? ተልባ እንኳ አታክል! በዚች ነው የሰው ልጅ የምታዋርዱ?»

«ማርያም ዕለት አብራኝ ቆማ ነበር!» አለች እናቴ።

«አንቺማ እናት ነሽ» አሉ አያ ፈንታ። «እናት በልጇ ላይ መስክራ ታውቃለች?» ስልኩን ከመሪጌታ ተቀብለው አዩና ከተቀመጡበት ተነሡ። «ይኸው! አሁንም! እኛ እዚህ ተቀምጠን በርታለች!»

ሁሉም ወደ እጄ ተመለከቱ። እጄ ባዶ ነው። አባቴ ከኪሱ ስልኬን አወጣ፤ ፊቱ ጥቁር፣ ዝግ።

«ምን ታወራላችሁ? ከትላንት ማታ ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው። ዝግ ነው!»

አሁንስ ገባቸው ብዬ ነበር። ስልኩ ዝግ ነው፣ እኔ እዚህ ቆሜያለሁ፣ እሷ ትበራለች፤ እንግዲህ የምታበራት እኔ አይደለሁም ማለት ነው። ሕፃን ይገባዋል።

አያ ፈንታ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እንግዲያው» አሉ፣ «ሌላ ስልክ አላት።»

ኧረ ጉድ! ንጽሕናዬን ያሳያል ያልሁት ነገር ዞሮ ወንጀል ሆነብኝ። እናቴ ሂጂ ፈትሺ ተባለች። እሷም ሄደች። ሳጥኔን ገለበጠች፤ አልጋዬን አነሣች፤ ጎተራ ውስጥ ሳይቀር እጇን ከትታ ፈለገች። ክንዷ የገብስ አቧራ ለብሶ ተመለሰች።

«የለም።»

«ቀብራዋለች» አለ ያኛው ሽማግሌ።

እናቴ አጠገቤ ስትቆም በጆሮዋ «ሰብለን ጥሪልኝ» አልኋት። ያን ቀን እስከዚያ ሰዓት ያወጣሁት ቃል ያ ብቻ ነበር። ሰብለ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ መካነ ኢየሱስ ሁለተኛ ደረጃ የኮምፒውተር መምህርት ነች። ለሚካኤል ፈቃድ ወስዳ ወደ እናቷ ቤት መምጣቷን ቤተ ክርስቲያን አይቻት ነበር። በነጭ ቀሚሷ፣ ጭዱን እየተጸየፈች፣ ወደ አውድማው መጣች። የሆነውን ነገሯት።

«አያ ፈንታ፣ ስልክ እንደ ድንች አይቀበርም እኮ» አለች። «ይህች ነጥብ ሰው አታሳይም። አካውንቱ አንድ ቦታ ክፍት ከሆነ ትበራለች። በር ክፍት ሆኖ ባለቤቱ እርሻ ሊሄድ አይችልም?»

«እኛ ዘንድ በሩን ክፍት ትቶ የሚሄድ የለም» አሉ አያ ፈንታ።

ሰብለ ስልኬን ከአባቴ ተቀብላ ከፈተችው። ኔትወርኩ ይዞራል፣ ይዞራል። ድንጋይ ላይ ወጣች። ሽማግሎቹ እንደ ዝናብ ጠባቂ አንጋጠው ያዩዋታል። በመጨረሻ ተከፈተና ወደ ውስጥ ገባች።

«አላልሁም? አካውንቱ ኮምፒውተር ላይም ተከፍቷል። አሁን በዚህ ሰዓት።»

«የት ያለ ኮምፒውተር?» አለ አባቴ።

ሰብለ ፊቷን አጨማደደች። ባትናገረው ምን ነበር? «... አዲስ አበባ ይላል።»

ያኔ የተነሣውን ጫጫታ እንዴት ልንገራችሁ! «አዲስ አበባ ማን አላት?» «ይኸው ወጣ!» «እናንተዬ፣ ዝምተኛ ውኃ!» አባቴ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። እኔ ደብረ ታቦርን እንኳ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ አዲስ አበባ ማን ይኖረኛል?

«ቦታውን አይመኑት!» ሰብለ ጮኸች። «መስመሩ በዚያ ስለሚያልፍ ነው። ይህ በእጄ የያዝሁት የትብለጥ ስልክ ራሱ የት አለ ይላል? ይዩ! እሱም አዲስ አበባ ይላል። አዲስ አበባ ነን እንዴ?»

መሪጌታ ዙሪያቸውን አዩ። «ከሆነስ መንገዱ ቀለለን።»

አያ ፈንታ ግን አልሳቁም። «እንግዲያው ይህ ነገር ውሸታም ነው። ውሸታም ከሆነ አንቺስ በሱ የምትነግሪንን በምን እንመንሽ?»

አስተውላችኋል? ቦታውን ውሸታም አሉት፣ ሰብለን ውሸታም አሏት፣ እናቴን ውሸታም አሏት። አረንጓዴዋን ነጥብ ግን ማንም ውሸታም አላላትም። እሷ ብቻ እንደ ቅዱስ ቃል ተቀምጣ ትበራለች። ያን ጊዜ ተናደድሁ።

ወደ ሰብለ ተጠጋሁ። «መዝጋት ይቻላል?» አልኋት በሹክሹክታ።

«ኮምፒውተሩን? ይቻላል። ይህችን ስትነኪ ከዚያ ያወጣዋል።»

ነካኋት። ሰብለም ስልኬን መልሳ ዘጋችው።

ሁሉም የአያ ፈንታን እጅ ከበው ቆሙ። ነጥቧ እንዳለች ናት። ኔትወርኩ ያዝግማል። እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ሚካኤልን እየጠራች ነው። ከዚያ ጠፋች።

«ጠፋች» አሉ አያ ፈንታ፣ እንደ ተዘረፈ ሰው።

ወዲያው ያው ስልክ በእጃቸው ላይ ጮኸ። የሚደውለው ሙሉጌታ ነው፤ በሌላዋ ትንሿ ስልኩ፣ ከቢሮ። አያ ፈንታ ጆሯቸው ከበድ ስለሚል ሁልጊዜ ድምፁን ለሁሉ እንዲሰማ አድርገው ነው የሚያወሩት።

«አያ ፈንታ! የምታደርገውን እያያችሁ ነው? አሁን፣ በዚች ደቂቃ፣ ዘጋችብኝ!»

«ምኑን ነው የዘጋችብህ?»

«አካውንቱን ነዋ! ኮምፒውተሬ ላይ ክፍት ነበር፤ አስወጣኝ፤ 'እንደገና ግባ' ይለኛል። የምትደብቀው ባይኖር ለምን ትዘጋለች? እኔ እኮ ስንቱን ታግሼ ነው የቆየሁ። ለእህቷ 'ሲስቅ ሽንት ያሸተተ በግ ይመስላል' ብላ ስትጽፍ እንኳ ዝም ብያለሁ!»

ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልሁ። ጽፌያለሁ። በፎቶው ላይ ጥርሱን ሲያሳይ እንዲያ ይመስላል ብዬ ለአዛለች ጽፌ፣ እዚያው አውድማ ላይ ብቻዬን ስቄያለሁ። ያኛው ሽማግሌ ፊቱን ወደ ጭዱ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

መሪጌታ ጥበቡ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ለእህቷ የጻፈችውን አንተ ከየት አነበብኸው?»

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲሳብ ተሰማ።

«ማን ነው የሚናገረው?» አለ ሙሉጌታ።

«መሪጌታ ጥበቡ ነኝ። ከየት አነበብኸው?»

«አካውንቱን የከፈትሁላት እኔ ነኝ እኮ... ክፍት ነበር... አልፎ አልፎ ለደኅንነቷ...»

ሰብለ በእጇ አፏን ይዛ ቆየችና ለአባቴ ታስረዳው ጀመር። «ጠዋት ቢሮ ሲገባ ኮምፒውተሩን ይከፍታል። የትብለጥ ገጽ አብሮ ይከፈታል። ነጥቧ ትበራለች። እሱ በስልኩ ያያታል፤ ይናደዳል። እንደገና ኮምፒውተሩ ላይ ሄዶ ከማን ጋር እንደምትጻጻፍ ይፈልጋል። ሲፈልጋት የሚያበራት እሱው ነው።»

አባቴ ወደ ስልኩ ቀረበ። «ሙሉጌታ፣ ቅዳሜና እሑድ በርታ ታውቃለች?»

«... አይ።»

«ማርያም ዕለት ቢሮ ገብተህ ነበር?»

«ገብቼ ነበር። መንግሥት መሥሪያ ቤት በማርያም አይዘጋም።»

«አይዘጋም» አለ አባቴ። «እኛ ነን የምንዘጋ።»

እዚህ ላይ ታሪኩ ያለቀ ይመስላችኋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ንጹሕ ነች ተባለ፤ አያ ፈንታ ተነሥተው የእናቴን ትከሻ ሳሙ። «ጭድ ላይ የወደቀ እሳት በጊዜ ጠፋ፤ ተመስገን» አሉ። ሙሉጌታም በስልኩ ይቅርታ አለ። «ለፍቅር ብዬ ነው። ሠርጉ በጊዜው ይሁን። ብቻ የይለፍ ቃሉን እንዳትቀይረው ንገሩልኝ፤ ለባልና ሚስት ምን መደባበቅ አለ?»

«ልክ ነው» አለ ያኛው ሽማግሌ።

«እሺ» አለ አባቴ። ደክሞት ነበር፤ ስሙ ስለተመለሰለት ብቻ ነበር እሺ ያለው። መሪጌታ ለምርቃት እጃቸውን አነሡ። ሁሉም «አሜን» ሊሉ እጃቸውን ዘረጉ።

ወደ እኔ ያየ አንድ ሰው አልነበረም። ትንሽ ቀደም ብሎ በርታለች ብለው ዓይናቸውን የተከሉብኝ ሰዎች፣ እዚያው ፊታቸው ቆሜ፣ አላዩኝም።

«አልፈልግም» አልሁ።

ድምፄ ቀጭን ነበር። ግን ወጣ። የተዘረጋው እጅ ሁሉ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ምን አለች?» አሉ አያ ፈንታ።

«አላገባውም።»

«ማን ጠየቀሽ አንቺን?»

«ማንም አልጠየቀኝም አያ ፈንታ። ለዚህ ነው የምናገረው።»

ከዚያ በኋላ ጭዱ ላይ ተቀመጥሁ። አያ ፈንታ ወደ አባቴ ዞሩ፣ አባቴ ወደ መሪጌታ ዞረ። መሪጌታ እጃቸውን ቀስ አድርገው አወረዱ። «ተክሊል ሲሆን ወደሽ ነው ወይ ብዬ እጠይቃታለሁ» አሉ። «ያን ቀን እንቢ ብላ ድንኳን ከምታፈርስ ዛሬ ማለቷ ይሻላል። እኔ ያለ ፈቃዷ አልባርክም።»

አካውንቱን ከሰብለ ጋር አጥፍቼ፣ ሙሉጌታ የሰጠኝን ስልክ ለአያ ፈንታ መለስሁላቸው። አባቴ ቁልቁል ወደ ከብቶቹ ወረደ። ጀርባውን አየሁ። መጥፎ ስም ከመያዝ አዳንሁት ወይስ ሌላ መጥፎ ስም ሰጠሁት? እስካሁን ድረስ አላውቅም። መንደሩ በዚያው ሳምንት «እንቢ ያለችው» አለኝ። በፊት ስም አልነበረኝም፤ ይሁን።

አሁን የምኖረው መካነ ኢየሱስ ነው፤ ከሰብለ ጋር ቤት ተከራይተን። ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ። ንዴቴ ግን አልበረደም። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በስልካችሁ የሰው ነጥብ እያያችሁ «አለች፣ አለ፣ ዘጋችኝ፣ ናቀኝ» የምትሉ፣ እስኪ ልጠይቃችሁ፦ ያ ሰው እንድታዩት ፈቅዶላችኋል? እኔ ስልኩን ስቀበል «ሰው ሁሉ ደጅሽን ቆሞ ይይሽ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። የሚዘጋበት ቦታ አለው አሉ፤ ሰባት በር ከፍተሽ የምታገኚው። ማን አሳየኝ?

የባሰ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ያን አካውንት ሳጠፋው እህቴንም አብሬ አጣኋት። አዛለች እዚያ መላላኪያ ውስጥ ናት፤ ሌላ መላላኪያ ውስጥ ብሆን አትሰማኝም። ይህ ምን ዓይነት ነገር ነው? የአንዱ ኩባንያ ሲም የሌላው ኩባንያ ሲም ላይ ይደውላል፤ ማን ነህ፣ የማን ነህ አይባባሉም። እነዚህ ግን እያንዳንዳቸው አጥር አጥረው፣ እህትሽን ከፈለግሽ ግቢ፣ ከገባሽ ደግሞ ብሪ ይሉሻል።

ይህን ለሰብለ ስነግራት ሳቀች። «የመሪጌታ ዜማ ዓይነት አለ» አለችኝ። «ከቤተ ልሔም የተማረ ሰው የትኛውም ደብር ገብቶ ቢቆም አብሮ ያዜማል። ካህናቱን አያውቃቸውም፤ ሥርዓቱ ግን አንድ ነው፣ የማንም የግል ንብረት አይደለም። መልእክትም እንዲህ ባለ ክፍት ሥርዓት ይሄዳል። ክፍት ፕሮቶኮል ይሉታል። የፈለገ ሰው የራሱን ይሠራል፣ አንዱ ከሌላው ጋር ይነጋገራል። እኔ ከምጠቀምበት ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ሰው መኖርሽን ለማየት አስቀድሞ ይጠይቅሻል። እሺ ካላልሽ አያይም።»

«ይጠይቃል?» አልኋት። አላመንኋትም።

በአሮጌ ስልኳ ጫነችልኝ። ለአዛለችም ብዙ ለምነን፣ በሰው በሰው አድራሻ ልከን፣ እሷም ጫነች። በዚያ ክፍት በተባለው መንገድ ላይ የማውቃቸው ሰዎች እንግዲህ ሁለት ናቸው፤ አንዷ አልጋ ትጋራኛለች። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ሰው የለበትም። ሁሉም ያለው አጥሩ ውስጥ ነው። የስፌት ደንበኞቼ «ለምን እንደ ሰው አትሆኝም?» ይሉኛል። አንዳንድ ቀን ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ያምረኛል።

አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገረኝም ነበር። ሠርጉ ሊሆን የነበረበት ጥር አለፈ፣ ጾሙም ተያዘ። እናቴ ለገበያ ስትመጣ «ሰላም ብሎሻል» ትላለች፤ እንዳላለኝ ፊቷ ይናገራል።

በቀደም ስፌት ላይ ሆኜ ስልኬ ነዘረ። ከአዛለች መስሎኝ አየሁት። አንድ ሰው መኖሬን ሊያይ ፈቃድ ይጠይቀኛል። ስሙን አነበብሁት፤ የአባቴ ስም ነው። ለካ አዛለች ስልክ ልካለት ኖሯል፤ እሱም ይዞት ሰብለ ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ «ትብለጥ ያለችበትን ጫኝልኝ» ብሏታል። እሷም ለእኔ አንድም ቃል ሳትነግረኝ ጫነችለት።

ከስሙ ሥር ሁለት ቁልፍ አለ፤ አንዱ ይፈቅዳል፣ አንዱ ይከለክላል። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ተውሁትና ያን ጥያቄ ደጋግሜ አየሁት። ለሽማግሌ የሰጠኝ ሰው ነው። ድምፅ ባጣሁ ጊዜ ጠብቆኝ፣ ራሱን ነቅንቆ የወጣው ሰው ነው። አልነካሁትም።

ወደ ማታ ደወለ። ድምፁን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

«ትብለጥ፣ ጠይቄሽ ነበር እኮ። አልደረሰሽም?»

«ደርሶኛል አባዬ።»

«ታዲያ?»

«እያሰብሁበት ነው።»

ከወዲያ በኩል ትንፋሹን እሰማለሁ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ትከሻዬን አጥብቄ ያዝሁ።

«እሺ» አለ አባቴ። «እጠብቃለሁ።»